«ቀላል» የሚባለው የሙቀት ቀን ሥራ ለማን ነው የቀለለው?

በውይይት መድረኩ ላይ በዚህ ጥያቄ የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። 36 መልስ ላይ ደርሶ ቆመ። ሁሉንም የሚያነብ ትዕግሥት ያለው ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ ምን እንደተባባልን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። አንዳንዱን እዘለዋለሁ፤ ምክንያቱን ስትደርሱበት ታዩታላችሁ።

መጀመሪያ የጻፍኩት ቅዳሜ ቀትር ላይ ነው። ሙቀቱ ቤት ውስጥ እንኳ አላስቀምጥ ብሏል። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ትንሹ 5 ዓመቱ ነው፣ ታላቅየው 9። ጠዋት ኢንተርኔት ላይ በ10 ደቂቃ የሚያልቅ ቀላል የእጅ ሥራ የሚል ነገር አግኝቼ ነበር። የሚያስፈልጉትን ዕቃዎች ስቆጥር 14 ሆኑ። ከ14ቱ ቤት ውስጥ የተገኙት መቀስና ውሃ ናቸው። የቀረውን አሰባስቤ፣ ለክቼ፣ ቆርጬ፣ ሙጫ ቀብቼ ቀና ስል ልጆቹ የሉም። ስልኬን ይዘው ሌላ ክፍል ገብተዋል። የወረቀት ዓሣውን ብቻዬን ጨረስኩት። እውነቱን ለመናገር አምሮበታል። ግን የማን ሥራ ነው?

ተናድጄ ስለነበር ጽሑፌ የክስ ቃና ነበረው። ቀላል የሚባሉት ሥራዎች የቀለሉት ለፎቶ ነው፣ ለልጅ አይደለም አልኩ። ከዚያ ሦስት መስፈርት አስቀመጥኩ። አንደኛ፣ ዕቃው ቤት ውስጥ ያለ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ከግማሽ በላይ ሥራውን ልጁ ራሱ ይሥራው። ሦስተኛ፣ ማጽዳቱ ከ10 ደቂቃ አይለፍ። እነዚህን የሚያሟላ የእጅ ሥራም ሆነ የሚበላ ነገር ያለው ሰው ይንገረኝ ብዬ ለመንኩ። በዚያው አፍ ደግሞ አንድ ጥያቄ አስከተልኩ። ጁስ በኩባያ አድርጌ፣ እንጨት ሰክቼ ፍሪዘር ውስጥ ያስገባሁት ለምን ድንጋይ ሆነ? ትንሹ ልጄ በጥርሱ ሞክሮ፣ ተስፋ ቆርጦ፣ ጠረጴዛ ሲደበድብበት ነበር።

መልስ 1 ትሕትና የተሞላ ነበር። የጻፈችው እናት የወረቀት ዓሣው መከራ እሷም ቤት እንደደረሰ ነገረችኝና አጽናናችኝ። የሰጠችኝ ሐሳብ ሥራም የለው። ሐብሐብ በሦስት ማዕዘን ይቆረጣል፣ ልጣጩ በቢላ ጫፍ ይሰነጠቃል፣ የአይስክሬም እንጨት ይሰካበታል፣ ፍሪዘር ይገባል፣ አለቀ። ሐብሐብ ከመቶ 92 እጁ ያህል ውሃ ስለሆነ ለሙቀት ቀን ከእሱ የሚሻል የለም ባይ ናት። ቢላውን ትልቅ ሰው ይይዛል፤ መሰካቱና መደርደሩ የልጆቹ ነው። መጨረሻ ላይ የወይን ፍሬም ሙሉውን አቀዝቅዞ እንደ ከረሜላ መስጠት እንደሚቻል ጨመረች።

ወይኑ ላይ ሲደርስ መልስ 2 አስቆማት። ቋንቋው ጨዋ ነው፣ ነገሩ ግን ቀልድ የለበትም። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሙሉ የወይን ፍሬ አይሰጥም። ክብና ለስላሳ ስለሆነ የልጁን የአየር ቧንቧ እንደ ውታፍ ይደፍነዋል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይጠነክርና ይብሳል። መፍትሔው በቁመቱ ለአራት መሰንጠቅ ነው። የእኔው ልጅ ገና 5 የያዘ ስለሆነ ምክሩን ወዲያው ወሰድኩት። ባለ መልስ 1ም አመስግና ጽሑፏን አስተካከለች። እንዲህ በሰላም የመተራረም ነገር በዚህ ክር ላይ ከዚያ ወዲህ እምብዛም አልታየም።

መልስ 3 አንድ መስመር ብቻ ነው። ከሱቅ ገዝቶ መገላገል ሲቻል ይህ ሁሉ ድካም ምንድን ነው የሚል። ከክሩ ሁሉ ብዙ ላይክ ያገኘውም እሱ ነው። አልመለስኩለትም።

መልስ 4ን ግን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ረጅም ነው፤ ጸሐፊው ቸኩሎ የሚያውቅ ሰው አይመስልም። መጀመሪያ የጠየቀኝ ጁሱን በውሃ አቅጥኜው እንደሆነ ነው። አዎ፣ ጤናማ ይሆናል ብዬ እጥፍ ውሃ ጨምሬበታለሁ። ድንጋይ ያደረገው እሱ ነው አለኝ። ውሃ በረዶ ሲሠራ ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው እየተሰደረ የሚረጋው። ስኳሩ ወደ ጎን ይገፋል። የተገፋው ስኳር ከቀረው ውሃ ጋር ወፍራም ሽሮፕ ይሆንና በበረዶው ቅንጣቶች መካከል ሳይረጋ ይቀራል። ስንነክሰው የሚሰባበርልን ያ ሽሮፕ ስላለ ነው። ስኳሩ ካነሰ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው አንድ ድፍን በረዶ ይሆናሉ። ከበዛ ደግሞ ጨርሶ አይረጋም፤ እንጨቱን ስትስብ ባዶውን ይወጣል።

ልኩን ለማወቅ ሚዛን አያስፈልግም፣ ምላስ ይበቃል ነው የሚለው። ቅዝቃዜ ጣፋጭነትን ስለሚያደበዝዝ፣ ጁሱ ፍሪዘር ከመግባቱ በፊት ሲቀመስ ከሚገባው ትንሽ በላይ የጣፈጠ ሊመስል ይገባል። እንጨቱንም መጀመሪያ ላይ ከሰካነው ይጋደማል። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጁሱ መርጋት ሲጀምር ቢሰካ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለማውጣት ኩባያውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ መንከር ነው። ኩባያውን ደግሞ እስከ አፉ አለመሙላት፤ ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። ይቺን የመጨረሻዋን መልስ 5 በራሱ ታሪክ አጸናት። ጁስ በጠርሙስ ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ ፍሪዘር ውስጥ ረስቶት አድሯል። ጠዋት ሲከፍት ጠርሙሱ ተሰነጣጥቆ ስብርባሪው ሥጋው ላይ ነበር። ሥጋውም ተጣለ፣ ጁሱም ተጣለ።

መልስ 6 ነገሩን ወደ ጤና ወሰደችው። ልጆችን ከሙቀት ለማስታገስ ብለን ስኳር ልናስለምዳቸው ነው ወይ ስትል ወቀሰችን። እሷ ስኳር የምትለውን ወደ ጎን ትታ ማር ትጠቀማለች፣ ወይም ንጹሕ የፍራፍሬ ጭማቂ። መልስ 7 እዚህ ላይ ገባ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ እንዲቀንስ የሚመክረው ስኳር ማርንም የፍራፍሬ ጭማቂንም ይጨምራል። በቀን ከምግብ ከምናገኘው ጉልበት ከ10 በመቶ በታች ይሁን ነው የሚለው። ሙሉ ፍሬው ነው ከቁጥሩ ውጪ። እንግዲህ ስኳሩን መሸሽ የፈለገ የበሰለ ሙዝ ቀጥቅጦ ያቀዝቅዝ ሲል ደመደመ። ትክክል ነው። አነጋገሩ ግን የመምህር አለንጋ ያለበት ነበር። መልስ 8 ከዚያም የባሰ ነው። ማር ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን በፍጹም እንደማይሰጥ፣ አንጀቱ ያልጠነከረ ሕፃን በማሩ ውስጥ ሊኖር በሚችል ባክቴሪያ ሊመረዝ እንደሚችል ጻፈ። ይህም ልክ ነው። ነገር ግን ባለ መልስ 6 ስለ ሕፃን አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ቅር ብሏት ይመስለኛል፣ ተመልሳ አልመጣችም።

ሙዙን ሞከርኩት። ሙዝ ተልጦ፣ ተቆራርጦ፣ አድሮ፣ በማግስቱ በብሌንደር ሲፈጭ ወተት ሳይነካው አይስክሬም ይመስላል። ቶሎ ካልተበላ ይጠቁራል፤ ጥቂት የሎሚ ጠብታ ያዘገየዋል። ሎሚውን እዚህ ላይ ያነሳሁት በምክንያት ነው፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

መልስ 9 ላይ ልጆቼን ያስጮኸ ሐሳብ መጣ። አይስክሬም ያለ ፍሪዘር፣ በላስቲክ ከረጢት። ትንሽ አፉ የሚዘጋ ከረጢት ውስጥ ግማሽ ኩባያ ክሬም ያለው ወተት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ጥቂት ቫኒላ። ይህ ተዘግቶ ትልቅ ከረጢት ውስጥ ይገባል። ትልቁ ከረጢት ውስጥ ሦስት አራት ኩባያ በረዶና ግማሽ ኩባያ ጨው አለ። ከዚያ መነቅነቅ ነው፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ። የሚነቀንቀው ልጁ ነው። ሁለተኛውን መስፈርቴን እንዲህ በደንብ ያሟላ እስከዚያ ድረስ አልነበረም።

መልስ 10 ጨው በረዶን ያቀልጣል ሲባል ሰምቼ አሁን ደግሞ ያቀዘቅዛል ትላላችሁ፣ የቱ ነው ልክ የሚል ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም አፍሬ ነው እንጂ ልጠይቅ ነበር። መልስ 11 ሁለቱም ልክ ነው አለ። ጨው በረዶውን ያቀልጠዋል። በረዶ ለመቅለጥ ደግሞ ሙቀት ይፈልጋል፤ የሚወስደውም ከአጠገቡ ካለው ነገር ነው፣ ማለትም ከወተቱ። ጨዋማው ውሃ በዜሮ ዲግሪ ስለማይረጋ ከዜሮ በታች ወርዶም ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ጨው በደንብ ከጠገበ እስከ 21 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ለዚህም ነው ከረጢቱ በባዶ እጅ የማይያዘው። ፎጣ ይጠቀለልበት፣ ወይም ጓንት ይደረግ፤ አለበለዚያ ቆዳ ይጎዳል።

እኛ ቤት የመጀመሪያው ከረጢት ሾልኮ አይስክሬሙ ጨው ጨው አለ። ትንሹ አንድ ማንኪያ ቀምሶ ፊቱን ሲያጨማድድ ታላቁ መሬት ላይ ተንከባለለ። መልስ 12 ትንሹን ከረጢት በሌላ ከረጢት ደርቡት ብሎ ነበር፤ ከሠራን በኋላ ነው ያነበብኩት። ሁለተኛው ዙር ተደርቦ ተሠራ፣ ተሳካም። ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይቀልጣል፣ ማንም ለመቅለጥ ጊዜ አልሰጠውም።

እስከዚህ ድረስ ክሩ ክር ነበር።

መልስ 13 ግን ሳይጠየቅ አንድ ነገር ወረወረ። በረዶ ቶሎ እንዲረጋ ውሃውን መጀመሪያ አፍሉት፣ ሙቅ ውሃ ከቀዝቃዛው ቀድሞ ይረጋል አለ። መልስ 14 ሳቀበት። እውነትም ሳቅ ብቻ ነው፤ ምክንያት የለውም። መልስ 15 ደግሞ ለሳቂው ታሪክ ነገረው። ታሪኩ ደስ ስለሚል ላሳጥረው አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1963 ታንዛኒያ ውስጥ ኤራስቶ ምፔምባ የሚባል ተማሪ ነበር። ተማሪዎቹ ወተት አፍልተው ስኳር ጨምረው አይስክሬም ይሠሩ ነበር። ማቀዝቀዣው ውስጥ ቦታ እንዳያልቅበት ፈርቶ የእሱን ሳያበርድ ትኩሱን አስገባው። የእሱ ቀድሞ ረጋ። መምህሩን ሲጠይቅ ተሳሳትክ ተባለ፣ ተሳቀበት። አልተወውም። በኋላ ዴኒስ ኦዝበርን የሚባል የፊዚክስ ምሁር ትምህርት ቤታቸው ሲመጣ ጥያቄውን ደገመለት። ምሁሩ አልሳቀም፤ አስሞከረው። እ.ኤ.አ. በ1969 ሁለቱ አብረው ጽሑፍ አወጡ። ነገሩም እስከ ዛሬ በልጁ ስም ይጠራል።

ባለ መልስ 14 በዚህ ተረታ ብላችሁ ካሰባችሁ የውይይት መድረክ አታውቁም ማለት ነው። መልስ 16 ላይ ተመልሶ እ.ኤ.አ. የ2016ን ምርምር ጠቀሰ፤ ተመራማሪዎቹ በጥንቃቄ ደግመው ለክተው ነገሩን የሚደግፍ ማስረጃ አላገኙም። ባለ መልስ 13 ከአርስቶትል ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ ነገር ነው አለ። ከዚያ ስድብ ተጀመረ። አንዱ የሌላውን ትምህርት ቤት አነሳ። እስከ 19 ድረስ ያለውን አልነግራችሁም። መልስ 20 የአወያዩ ነው፤ ክሩ ስለ ልጆች መሆኑን አስታውሶ ሁለቱንም አስጠነቀቀ።

እዚህ ላይ እኔም አንድ ነገር ጻፍኩ፤ መልስ 21 ነው። የሚከራከሩት ሁለት ሰዎች ፍሪዘርና ሁለት ኩባያ እንዳላቸው እገምታለሁ አልኩ። ለምን አይሞክሩትም? እኔ ከልጆቹ ጋር ሞከርኩት፣ ሦስት ጊዜ። ሦስቱንም ጊዜ ቀዝቃዛው ቀደመ። ይህ ምንም አያረጋግጥም፤ የእኔ ፍሪዘር ቤተ ሙከራ አይደለም። ታላቁ ልጄ ግን በየ15 ደቂቃው ፍሪዘር እየከፈተ በደብተር ሲመዘግብ ሙሉ ከሰዓት በኋላ አለፈለት። ሳላስበው ሦስቱም መስፈርቴ ተሟልቷል።

ከማስጠንቀቂያው በኋላ መልስ 22 ወደ እጅ ሥራ መለሰን። የሳሙና አረፋ። 6 እጅ ውሃ፣ 1 እጅ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ግሊሰሪን። ሳይናጥ ቀስ ተብሎ ይቀላቀላል፣ ቢያድር ይሻለዋል። አረፋ የሚፈነዳው ውሃው ስለሚተን ነው፤ ግሊሰሪን ትነቱን ያዘገያል። በጠራራ ፀሐይ ተነፍቶ ወዲያው ፈነዳ ብሎ ማልቀስ አይገባም። ማለዳ፣ ጥላ ሥር፣ ወይም ዝናብ ካባራ በኋላ ነው ጊዜው። ትልልቅ አረፋ የሚፈልግ ሁለት ዱላ መካከል ክር አስሮ ይንከረው። መልስ 23 ግሊሰሪን ከሌለ ስኳር እንደሚተካው ጻፈ። ሠርተን አየነው፣ ይሠራል። ግን ሁሉም ነገር ይጣበቃል፣ ጉንዳንም ግብዣ የተጠራ ይመስል ይመጣል። የሚሠራውም ውጪ ነው፤ ሊሾ ወለል ላይ ከፈሰሰ ሰው ይጥላል።

መልስ 24 የጨው ሊጥ ነው። ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨው፣ አንድ ኩባያ ውሃ። ልጅ ያቦካዋል፣ ይጠፈጥፈዋል፣ የእጁን አሻራ ያትምበታል። ከዚያ 100 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ኦቨን ሁለት ሦስት ሰዓት፣ ወይም ፀሐይ ላይ ጥቂት ቀን። እኔ ይህ ምን ክፉ አለው ብዬ ነበር። መልስ 25 ክፉውን ነገረን። የጸሐፊዋ ውሻ እንዲደርቅ የተሰጣውን ሊጥ ሰርቆ በልቷል። የጨው መጠኑ ለውሻ መርዝ ነው። አስመለሰው፣ ተንቀጠቀጠ፣ ሌሊቱን ሐኪም ዘንድ አደረ። ተርፏል። ጽሑፏ ውስጥ ማንንም አልወቀሰችም፤ ሊጡን ከፍ ያለ ቦታ ላይ አድርጉት ብቻ ነው ያለችው። ጥሬ ዱቄትም ጀርም ሊኖረው ስለሚችል ልጆች እንዳይቀምሱት አከለች። ከ36ቱ መልሶች ከልቤ የገባው የእሷ ነው።

መልስ 26 በፀሐይ ሥዕል መሥራትን አመጣ። ጠቆር ያለ ባለ ቀለም ወረቀት ላይ ቅጠል፣ ቁልፍ፣ መቀስ ይደረደራል። ፀሐይ ላይ ጥቂት ሰዓት ይቆያል። ፀሐይ ያገኘው ቀለም ይለቃል፣ የተሸፈነው ይቀራል፤ ቅጠሉ ሲነሳ ቅርጹ ታትሟል። ርካሽ ወረቀት ቶሎ ስለሚለቅ ለዚህ ሥራ የተሻለው እሱ ነው፤ ርካሽነት እንዲህ ሲመሰገን አይቼ አላውቅም። መልስ 27 ይህ ጨዋታ ታላቅ ወንድም እንዳለው ነገረን። ጆን ኸርሸል እ.ኤ.አ. በ1842 በፀሐይ ሰማያዊ የሚሆን የብረት ጨው የተቀባ ወረቀት ፈለሰፈ። በዓመቱ አና አትኪንስ የምትባል የዕፅዋት ተመራማሪ የባሕር አረሞችን በዚያ ዘዴ እያተመች መጽሐፍ ማዘጋጀት ጀመረች። ከሚጨቃጨቁት ይልቅ እንዲህ ያሉት ሰዎች ቢበዙልኝ እወድ ነበር።

መልስ 28 ግን ወደ ወረቀት ዓሣው ዘመን መለሰኝ። የፀሐይ ምድጃ ከካርቶን። ክዳኑ ይቆረጣል፣ ፎይል ይለበጣል፣ ታቹ ጥቁር ወረቀት ይነጠፋል፣ አፉ በስስ ላስቲክ ይታሸጋል፣ ክዳኑ ፀሐዩን እንዲያንጸባርቅ በእንጨት ይደገፋል። ውስጡ ብስኩትና ቸኮሌት ይቀመጣል። ቸኮሌት 34 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ብዙም አያስቸግርም። መልስ 29 ጨከነ። ይህን ሁሉ የሠራው አባትየው እንደሆነ፣ ልጁ የሠራው መብላት ብቻ እንደሆነ፣ ቸኮሌቱን በዚያ ሙቀት ሳህን ላይ ቢተዉትም እንደሚቀልጥ ጻፈ። ሳቅኩ፤ መሳቅ አልነበረብኝም። ባለ መልስ 28 በመልስ 30 ተከላከለ። ልጁ 11 ዓመቱ ነው፤ ልኬቱን የወሰደው፣ ካርቶኑን የቆረጠው ራሱ ነው። አንድ ነገርም አስታወሰን። በእንጨት ላይ የሚረጋውን የጁስ በረዶ እ.ኤ.አ. በ1905 የጀመረው ፍራንክ ኤፐርሰን እንደሚነገረው የ11 ዓመት ልጅ ነበር፤ የለስላሳ መጠጥ ብርጭቆውን ከነማማሰያው በብርድ ሌሊት ውጪ ረሳው። የፈጠራ መብቱን ያገኘው አድጎ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። ለባለ መልስ 28 ይቅርታ ልጠይቅ ሳስብ ከባለ መልስ 29 ጋር በግል ተጻጽፈው ታርቀው አገኘኋቸው።

አሁን ሎሚው። መልስ 31 የእኔ ነው። በዚያ ሳምንት ታላቁ ልጄ የሎሚ ጭማቂ ለመሥራት ተነሳ። ውጪ፣ ፀሐይ ላይ፣ 20 የሚሆን ሎሚ በእጁ ጨመቀ። ስኳሩን በእኩል ውሃ አፍልቼ ሽሮፕ ያደረግኩለት እኔ ነኝ፤ ሽሮፕ ከሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቶሎ ይቀላቀላል። የቀረውን ሁሉ ራሱ ሠራው። ኮራሁበት። በማግስቱ የእጁ ጀርባ ቀላ። በሁለተኛው ቀን ውሃ ቋጠረ። ምልክቱ እጁን ሙሉ አልያዘም፤ በጠብታና በመስመር የወረደ ነው፣ ክንዱ ላይ አንድ ነገር የፈሰሰበት ይመስላል። ሻይ ያቃጠለው መስሎኝ ማን እንዳፈሰሰበት ሳጣራ ነበር። ትንሹን ያለ ጥፋቱ ተቆጣሁት።

ሐኪም ካየው በኋላ ነው የጻፍኩት። መልስ 32 ላይ አንዲት የቆዳ ነገር የምታውቅ ሴት ይበልጥ አብራራችው። ሎሚና ዘመዶቹ ፉሮኩማሪን የሚባል ንጥረ ነገር አላቸው። ቆዳ ላይ ፈስሶ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል። ሎሚ ብቻውን ወይም ፀሐይ ብቻዋን እንዲህ አያደርጉም፤ ሲገናኙ ነው። ወዲያው አይታይም፣ አንድ ሁለት ቀን ይቆያል፤ ለዚህም ነው ማንም ከሎሚው ጋር የማያገናኘው። ቡናማው ምልክት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። መከላከያው ቀላል ነው፤ ቤት ውስጥ መጭመቅ፣ ፀሐይ ላይ ከመውጣት በፊት እጅና ክንድን በሳሙና በደንብ መታጠብ። የልጄ ምልክት አሁንም አልጠፋም። እሱ ግን ለጓደኞቹ የጦርነት ጠባሳ አድርጎ እያሳየ ነው።

መልስ 33 ረጅም ስብከት ነው። ልጆች ሲሰለቻቸው ዝም ብላችሁ ተዉአቸው፣ እኛ ማን ሠርቶልን አደግን ይላል። ግማሹ እውነት አለው። ግማሹ ማስታወስ የሚፈልገውን ብቻ የሚያስታውስ ሰው ወሬ ነው።

መልስ 34 ሦስት መስመር አይሞላም። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አሻንጉሊቶች በውሃ አርግታችሁ፣ ልጆቹን ማንኪያና ጨው ሰጥታችሁ አስፈልፍሉአቸው አለ። በቃ። አልፌው ልሄድ ነበር።

ማታ አዘጋጀሁ። አሻንጉሊቶቹ ተንሳፍፈው ከላይ እንዳይከማቹ በሁለት ዙር ነው የሚረጋው፤ ግማሹን ውሃ መጀመሪያ፣ ሲረጋ አሻንጉሊቱንና የቀረውን ውሃ። ትናንሾቹን አስቀረሁ፤ ሕፃን እንግዳ ቢመጣ አፉ ውስጥ ይከታቸዋል። በማግስቱ በረዶውን ገልብጬ ግቢ ውስጥ ሳፋ ላይ አኖርኩት። ጨው፣ ማንኪያ፣ አንድ ኩባያ ለብ ያለ ውሃ ሰጠኋቸው። እጃቸው ላይ ጭረት አለመኖሩን አየሁ፤ ጨው ያቃጥላል። ጨውን ዓይናቸው ውስጥ እንዳያስገቡ ነገርኳቸው፤ ከዚያ ወንበሬን ጥላ ሥር ሳብኩ።

ትንሹ በማንኪያ ይደበድባል። ታላቁ ጨው በአንድ ቦታ ላይ ክምር አድርጎ ይጠብቃል። ጨው የወደቀበት ቦታ እየቦረቦረ ወደ ውስጥ ይገባል፣ እንደ ጉድጓድ። ታላቁ ይህን ሲያይ የቀለም ጠብታ ለምኖኝ ጨመረበት። ቀለሙ በስንጥቁ ሁሉ እንደ ደም ሥር ተሰራጨ። ሁለቱም ዝም አሉ። የልጆቼን ዝምታ ስለማውቀው ተነስቼ ማየት ነበረብኝ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ማጽዳቱ ጨዋማውን ውሃ አበባው ወደሌለበት መድፋት ብቻ ነበር። እንዲህ ሆነ ብዬ በመልስ 35 ጻፍኩና ባለ መልስ 34ን አመሰገንኩ። ምንም አልመለሰልኝም፤ ላይክ እንኳ አላደረገም።

ከአምስት ሳምንት በኋላ መልስ 36 መጣ። አዲስ አባል ነው፣ ሰላምታው ረጅም ነው። ጁስ በእንጨት አድርጎ ፍሪዘር ውስጥ አስገብቶ ነበር። ለምን ድንጋይ እንደሆነበት ይጠይቃል።

መልስ 4ን ይመልከቱ አልኩት።